የእሳት እራት ዓይንና የጽጌረዳ ገጽ፦ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ፕላስቲክ ጅማ ላይ እንዴት ይሠራል?

ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ ማታ የበረንዳ መብራት አብርቶ መቀመጥ ከባድ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የእሳት እራቱ መብራቱን ይከበዋል። ብዙዎቻችን በጨርቅ እናባርረዋለን። እኔ አንድ ማታ ግድግዳ ላይ ያረፈች አንዷን በማጉያ መነጽር ጠጋ ብዬ አየኋት። መብራቱ ከአናቷ በላይ ነው። የክንፏ ብናኝ ያበራል። የዓይኗ ላይኛ ገጽ ግን እንደ መስታወት ብልጭ አይልም።

ምክንያቱ ገጹ ልሙጥ አለመሆኑ ነው። ጥቃቅን ጉብታዎች ጥቅጥቅ ብለው ሞልተውታል። የአንዱ ጉብታ ቁመትም ከጎረቤቱ ያለው ርቀትም 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከ60 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) በሚደርሰው በአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ ቢያንስ 300 ያህሉ ጎን ለጎን ይደረደራሉ ማለት ነው። በጨለማ የምትበር ነፍሳት ያገኘችውን ትንሽ ብርሃን ማባከን አትችልም። ዓይኗ ካብለጨለጨ ደግሞ ለሚያድናት እንስሳ ምልክት ይሆናል።

ይህን ገጽ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ በርንሃርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንተው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ክላፋምና ሃትሊ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በሰው እጅ ሠርተው ሞከሩት። ዛሬ ፋብሪካዎች ስስ ፕላስቲክ ላይ በጥቅልል ያትሙታል።

እዚህ የማሳያችሁ ግን የፋብሪካውን ሥራ አይደለም። ጅማ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ነው። የጽጌረዳ አበባ ገጽን በጥርስ ሐኪም ሲሊኮን ቀድተን፣ በጥፍር ጄል ፕላስቲክ ላይ እናትመዋለን። ከዚያ በእርግጥ ነጸብራቅ መቀነሱን እንለካለን። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለካቱ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ብርሃኑ ለምን ይመለሳል?

ብርሃን ከአየር ወደ ፕላስቲክ ሲገባ በድንገት ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከፊሉ ይገባል፣ ከፊሉ ይመለሳል። ባጃጅ ከአስፋልት ላይ በቀጥታ ጠርዝ ድንጋይ ስትወጣ ትነጥራለች። ቀስ ያለ ዳገት ከተሠራላት ግን ሳትነጥር ትወጣለች። የእሳት እራቷ ጉብታዎች ለብርሃን ያንን ዳገት ይሠሩለታል። ጫፋቸው ላይ አብዛኛው አየር ነው። ወደ ታች ሲወርድ ቁሱ እየበዛ፣ አየሩ እያነሰ ይሄዳል። ጉብታዎቹ በዓይን ከሚታየው የብርሃን ሞገድ ስለሚያንሱ ብርሃኑ አንድ በአንድ አይለያቸውም። የሚታየው ብርሃን ሞገድ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው።

ልሙጥ መስታወት ወይም ተመሳሳይ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ ከወደቀ ብርሃን 4 በመቶ ያህሉ ከአንድ ገጽ ይመለሳል። ፊትና ጀርባ ሲደመር 8 በመቶ ይጠጋል። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ይብሳል። ከቀጥታው መስመር 60 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ ከአንዱ ገጽ ብቻ 9 በመቶ ይመለሳል። 80 ዲግሪ ላይ 39 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የጅማ ሰማይ ደግሞ ደመና የሚበዛበት ነው። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል፤ በጎን የሚገባው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ለእኛ አገር ሰው የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም የምለው።

አሁን ስለ መጠን በግልጽ እንነጋገር። የጽጌረዳ አበባ ገጽ የእሳት እራት ዓይን አይደለም። ቀይ ጽጌረዳ ከፋይ ጨርቅ የሚመስለው ላይኛው ገጹ በጥቃቅን ሾጣጣ ሕዋሳት ስለተሞላ ነው። እነዚህ ሾጣጣዎች በማይክሮን የሚለኩ ናቸው፤ ከእሳት እራቷ ጉብታ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በላያቸው ግን ስስ የናኖ እጥፋቶች አሉ። ሾጣጣዎቹ የሚሠሩትም በሌላ መንገድ ነው። ከአንዱ ሾጣጣ ጎን የተመለሰው ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ይሄድና ሁለተኛ የመግባት ዕድል ያገኛል። በጎን ለሚመጣ ብርሃን ይህ በጣም ጠቃሚ ነው።

በጀርመን የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ አድርገዋል። የጽጌረዳን ገጽ በሲሊኮን ቀድተው፣ በብርሃን በሚደርቅ ግልጽ ሙጫ ላይ አትመው፣ የፀሐይ ሴል ላይ ለጠፉት። በቀጥታ ለሚወድቅ ብርሃን የሴሉ ውጤታማነት ከነበረበት በ12 በመቶ ጨመረ። የእነሱ ሴል በጣም ስስ የኦርጋኒክ፣ ማለትም ከካርቦን ውሁዶች የተሠራ፣ ሴል ነበር፤ ብርሃኑ ሲታጠፍ ውስጡ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ የበለጠ ይጠቀማል። የእኛ የተለመደው የሲሊከን ፓኔል ያን ያህል አይሰጥም። ይህን ያዙልኝ፤ ስንለካ እመለስበታለሁ።

የሚያስፈልገው

ቀይ ጽጌረዳ ከግቢ ይገኛል። የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ የሚወስዱበት፣ በሁለት ቱቦ የሚመጣ ሲሊኮን ያስፈልጋል። ቀጭኑን፣ የሚፈሰውን ዓይነት ጠይቁ። ወፍራሙ ሊጥ መሰሉ ሾጣጣዎቹ መሐል አይገባም። የጥርስ ክሊኒክ ወይም የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቁ። ቀለሙ ሰማያዊም ሮዝም ቢሆን ችግር የለውም።

ግልጽ የጥፍር ጄልና የጄል ማድረቂያ መብራት የውበት ሳሎኖች ጋ አለ። መርካቶም ይገኛል። መብራቱን መግዛት ካልፈለጋችሁ ሳሎን ሄዳችሁ ለጥቂት ደቂቃ አስፈቅዱ። ተራውን በአየር የሚደርቅ ኩቴክስ አትጠቀሙ። ሲደርቅ ይኮማተርና ቅርጹን ያጣል።

ፕላስቲኩ ድሮ ለፕሮጀክተር የምንጠቀምበት ትራንስፓረንሲ ይሁን። ለሌዘር ማተሚያ የሚሆነው ፖሊስተር ስለሆነ ሙቀት ይችላል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች መደርደሪያ ሥር ተረስቶ የቀረ አያጡም።

ከዚህ ሌላ ትንሽ የመስታወት ቁራጭ፣ ሁለት ገጽ ፕላስተር፣ ምላጭ፣ ሲሪንጅ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ከፋርማሲ ግሊሰሪን፣ ጥቁር ናስትሮ፣ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ 1000 ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ፣ ያዘጋጁ። ለመለኪያ ደግሞ መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያና አነስተኛ የሶላር መብራት ፓኔል።

የጓንቱን ነገር ለብቻው ልንገራችሁ። ላቴክስ ጓንት አድርጋችሁ ሲሊኮኑን እንዳትነኩ። ላቴክስ ውስጥ ያለው ድኝ ሲሊኮኑን የሚያጠነክረውን ፕላቲነም ያበላሸዋል። እኔ የመጀመሪያውን ፎርማ፣ ማለትም የአበባውን ቅርጽ የሚይዘውን የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ፣ ያጣሁት በዚህ ነው። ግማሽ ቀን ጠብቄ ሲሊኮኑ ዳር ዳሩ እንደ ማር ሲዝለገለግ ቀረ። ለረጅም ጊዜ ዕቃው ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ ነበር። ኒትራይል የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሆነውን ጓንት ተጠቀሙ። ጄሉን ስትነኩም አውልቃችሁ አትጣሉት። ያልደረቀ ጄል ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም።

አበባውን መምረጥና ማሰናዳት

ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቁረጡ። 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ግን ያላረጀ አበባ ይሁን። የውጭዎቹ የአበባ ቅጠሎች ዝናብና ነፋስ የመታቸው ናቸው፤ እነሱን ተዉና ከሦስተኛው ዙር ጀምሩ። ቅጠሉን ከሥሩ፣ ነጭ በሆነው በኩል ብቻ ያዙ። መሐሉን በጣት ከነካችሁት ሾጣጣዎቹ ይደፈጠጣሉ፣ የጣት ቅባትም ይሞላቸዋል። አቧራ ካለው ንጹሕ ውኃ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉበት። አትጥረጉት። ከዚያ አዘንብላችሁ ውኃው እንዲወርድ አድርጉ።

ከተቆረጠ ጀምሮ አንድ ሰዓት አለን ብላችሁ አስቡ። አበባው ሲጠወልግ ሕዋሳቱ ውኃ ያጣሉ፣ ሾጣጣውም ይወድቃል። ጅማ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ትንሽ ይታገሣል። በበጋው ቀትር ግን ፍጠኑ።

መስታወቱን በአልኮል አጽዱት። ሁለት ገጽ ፕላስተር ለጥፉበት። ከአበባው 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ቁረጡና፣ የውስጠኛው፣ ከፋይ መሳዩ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ፕላስተሩ ላይ አስተኙት። ለመጫን ዳር ዳሩን ብቻ በስቲኪኒ ጫን ጫን አድርጉ። የአበባ ቅጠል ጎድጎድ ያለ ነው፤ በአንዴ ሙሉ በሙሉ ልጥፍ አይልም። መሐሉ ልጥፍ ካለ ይበቃል።

በጽጌረዳ ፋንታ የጎደሬ ቅጠል መቅዳት የምትፈልጉ ካላችሁ አዌቱ ወንዝ ዳርና ቦዬ አካባቢ ባለው እርጥብ መሬት፣ በየጓሮውም አለ። የጎደሬ ቅጠል ውኃ እንደማይዝ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ሆነን የዝናብ ጠብታ ላዩ ላይ እያንከባለልን ተጫውተንበታል። ያንን የሚያደርገው ጉብታዎቹና በላያቸው ያለው ስስ የሰም ቅንጣት ነው። ለነጸብራቅ ጽጌረዳ ይሻላል፤ ውኃና አቧራ ለማንከባለል ጎደሬ። አሠራሩ አንድ ነው። የጎደሬ ሰም ግን ጣት እንደነካው ስለሚጠፋ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ፎርማውን ማውጣት

ሁለቱን የሲሊኮን ክፍሎች እኩል እኩል አውጡ። በመቀላቀያ ጫፉ የሚወጣ ከሆነ የመጀመሪያውን ጠብታ ጣሉት፤ ብዙ ጊዜ በደንብ አልተቀላቀለም። ከዚያ ከአንዱ ማዕዘን ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። መሐሉ ላይ ዱብ አታድርጉት፣ አየር ታምቆ ይቀራል።

የመጀመሪያው ንብርብር ስስ ይሁን። ባዶ ሲሪንጅ ይዛችሁ አየር እየነፋችሁ ሲሊኮኑን ግፉት። ነፋሱ አረፋውን ያስወጣል፣ ሲሊኮኑንም ሾጣጣዎቹ መሐል ያስገባዋል። በዚህች አንድ ደቂቃ ላይ አትሰስቱ። ጥሩና መጥፎ ፎርማ የሚለየው እዚህ ነው። ከዚያ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ጨምሩና ተዉት።

ማሸጊያው ላይ ያለው የመጠንከሪያ ጊዜ ለአፍ ሙቀት የተሰላ ነው። የእኛ ጠረጴዛ እንደ አፍ አይሞቅም። እጥፍ ጠብቁ። ዳሩን በጥፍር ስትጫኑት ምልክት የማይቀር ከሆነ ደርሷል። ከአንድ ዳር ጀምራችሁ፣ ዝግ ብላችሁ፣ ሲሊኮኑን ከአበባው ወደ ላይ እያጠፋችሁ ላጡት።

አሁን ወደ ጄሉ ለመሄድ እጃችሁ ያሳክካችኋል። ቆዩ። ይህ ዓይነት ሲሊኮን ከጠነከረ በኋላም ትንሽ የሃይድሮጅን ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ቶሎ ጄል ካፈሰሳችሁበት ገጹ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ቡና አፍሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲያልቅ ፎርማውም ይደርሳል።

እስከዚያ አጽዱት። አበባው ላይ የነበረ ብጣሽ ፎርማው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፉት፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ በአየር አድርቁት። ጥጥ አታስገቡበት፤ ጭረት ይቀርበታል። የቀረውን ቆሻሻ የመጀመሪያው ቅጂ ራሱ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅጂ ለጽዳት ብላችሁ ሥሩትና ጣሉት። ጄል ባከነ አትበሉ።

ፕላስቲኩ ላይ ማተም

ጄል ለስላሳ ፖሊስተር ላይ በደንብ አይዝም። ትራንስፓረንሲውን በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠባችሁ በስሱ እሹት። ይደበዝዛል፤ አትደንግጡ። ጄሉ ጭረቱን ሲሞላው ድብዝዝታው አብዛኛው ይጠፋል። ጄሉና ፕላስቲኩ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚቀራረብ ብርሃኑ ድንበሩን ብዙ አያየውም። ካሻችሁ በኋላ በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ።

ፎርማውን ገጹ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጄል ጠብ አድርጉ። ትራንስፓረንሲውን የታሸው ገጽ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በአንድ ዳር አስነክታችሁ፣ መጽሐፍ እንደሚዘጋ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ጄሉ እየተገፋ ሲሄድ አየሩን ይዞ ይወጣል። ክብ ጠርሙስ አንድ ጊዜ በስሱ አንከባልሉበት። ከዚያ አምስት ደቂቃ ተዉት፤ ጄሉ ወፍራም ስለሆነ ሾጣጣው ጫፍ ድረስ ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል።

መብራቱ ከፕላስቲኩ በኩል ይምታው። ሲሊኮኑ ቀለም ስላለው በእሱ በኩል ብርሃን አያልፍም። የጥፍር ማድረቂያዎች ብርሃን ብዙውን ጊዜ 365 እና 405 ናኖሜትር ስለሆነ በፖሊስተር ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። ለጥፍር ከሚበቃው ጊዜ ሦስት አራት እጥፍ ስጡት፣ በየመሐሉ እያረፋችሁ። በአንዴ ካደረቃችሁት ጄሉ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩም ይጣመማል። መብራቱን በቀጥታ አትዩት።

ለምን ያን ያህል ጊዜ? ኦክስጅን ጄልን እንዳይደርቅ ይከለክለዋል። ሲሊኮን ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ነገር ነው፣ ውስጡም አየር አለ። ስለዚህ ፎርማውን የነካው ገጽ ማለትም እኛ የምንፈልገው ገጽ መጨረሻ ላይ ይደርቃል። ቶሎ ካላቀቃችሁት ሾጣጣዎቹ እንደ ሰም ይለሰልሱና ይደፈጠጣሉ።

ስታላቅቁ ፕላስቲኩን እጠፉ እንጂ ፎርማውን አትጎትቱ። ከዳር ጀምሮ ጢስስ እያለ ይለቃል። ቅጂው ከወጣ በኋላ ገጹን ወደ መብራቱ አዙራችሁ አንድ ጊዜ ድገሙለት። የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ በአልኮል አለቅልቁት፤ አሁንም በጥጥ አትሹት።

ከዚያ ሌላ አንድ ነገር ሥሩ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጄል፣ በዚያው ትራንስፓረንሲ፣ ግን በአበባው ፎርማ ፋንታ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ሲሊኮን በወጣ ልሙጥ ፎርማ። ይህ ልሙጥ ቅጂ ማነጻጸሪያችን ነው። ያለ እሱ የምትለኩት ሁሉ ወሬ ነው።

በእርግጥ ሠርቷል?

የመጀመሪያው ፈተና በዓይን ነው። የሁለቱንም ቅጂዎች ጀርባ ጥቁር ናስትሮ ለጥፉበት። እንዲህ ካላደረጋችሁ ከጀርባው ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ያታልላችኋል። ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና የአምፖልን ነጸብራቅ እዩ። ልሙጡ ላይ አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጽጌረዳው ላይ ይጠፋል፣ ጥቁሩም ይበልጥ ጥቁር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአምፖሉ ምስል መጥፋቱ ብቻውን ነጸብራቅ ቀነሰ ማለት አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ፕላስቲክም ምስሉን ያጠፋል፤ ብርሃኑን ግን ወደየአቅጣጫው በትኖ ይመልሰዋል። ያ ፀረ ብልጭታ ነው፣ ፀረ ነጸብራቅ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ሦስተኛ ናሙና ጨምሩ፦ ጄል የሌለው፣ የታሸ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነ። የታሸው ግራጫ ይመስላል። ጥሩ የጽጌረዳ ቅጂ ከየትኛውም አቅጣጫ ስታዩት ከግራጫው ይጠቁራል። ከጎን፣ ዝቅ ብላችሁም እዩት። በስልክ ፎቶ ካነሳችሁ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ቆልፉ። አለበለዚያ ስልኩ በራሱ እያስተካከለ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛው ፈተና በፓኔል ነው። የሶላር መብራቱን ትንሽ ፓኔል ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ መልቲሜትሩ ላይ፣ በአምፔር መለኪያው ላይ አገናኙ። ለትንሽ ፓኔል ይህ አደጋ የለውም። የሚነበበው ቁጥር ወደ ሴሉ ከገባው ብርሃን ጋር አብሮ ይጨምራል።

ቅጂውን ፓኔሉ ላይ እንዲሁ አታስቀምጡት። በፕላስቲኩና በፓኔሉ መሐል አየር ከቀረ ሁለት አዲስ የሚያንጸባርቁ ገጾች ጨመራችሁ ማለት ነው፤ ያተረፋችሁትን ይበላዋል። አንድ ጠብታ ግሊሰሪን ጣሉና ፕላስቲኩን በላዩ አስተኙ። ግሊሰሪን ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን ከመስታወት ብዙ ስለማይርቅ ድንበሩ ይጠፋል። ቅጂው ሙሉ ሴሉን መሸፈን አለበት። ካነሰ፣ የቀረውን የፓኔል ክፍል ለሁሉም ልኬት በአንድ ዓይነት ጥቁር ናስትሮ ሸፍኑት።

የጅማ ደመና ለዚህ ሥራ ፈተና ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ልሙጡን፣ ከዚያ ጽጌረዳውን፣ መልሳችሁ ልሙጡን ለኩ። ሁለቱ የልሙጥ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ መሐል ያለውን ልኬት ጣሉት። አሥር ጥሩ ልኬት እስክታገኙ ቀጥሉ። አንድ ጊዜ ቀትር 6 ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ 10 ሰዓት ላይ፣ ፓኔሉ በዚያው ጠፍጣፋ እንደተቀመጠ ለኩ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትርቅ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ አናት ትጠጋለች። ልዩነቱ ጎልቶ መታየት ያለበት በ10 ሰዓቱ ነው።

አሁን ወደዚያ 12 በመቶ እንመለስ። በተለመደ ፓኔል፣ በቀትር ፀሐይ ልሙጡ ገጽ የሚመልሰው 4 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ የበለጠ ትርፍ ካነበባችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ተጠራጠሩ። ደመና አልፎ ይሆናል፣ ከልሙጡ ሥር የአየር አረፋ ቀርቶ ይሆናል፣ ናስትሮው ተንሸራቶ ይሆናል። ትንሽ ግን በየቀኑ የሚደጋገም ቁጥር ካገኛችሁ እሱ እውነተኛ ነው። ኩሩበት።

ውኃ ጠብታ ላይ ብዙ አልቆይም። በሲሪንጅ አንድ ጠብታ ጣሉበት። የጽጌረዳ ቅጂ ላይ ጠብታው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ስታዘነብሉት ግን ሊጣበቅ ይችላል። እውነተኛዋ አበባም እንዲሁ ናት። የሚንከባለል ጠብታ የፈለገ ጎደሬን ይቅዳ። ሰሙ ራሱ እንደማይቀዳ ግን ይወቅ፤ የሚቀዳው ቅርጹ ነው።

ወደ ናኖው መውረድ ለሚፈልግ

የጥርስ ሲሊኮን ውስጡ የተቀላቀለ ደቃቅ ዱቄት አለው። ያ ዱቄት 200 ናኖሜትር ወደሆነ ክፍተት በደንብ አይገባም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የእሳት እራት ዓይን ቀዳሁ የሚል ካለ አትመኑት። ለዚያ ግልጹን የቤተ ሙከራ ሲሊኮን ያስፈልጋል። በክብደት 10 ለ1 ይቀላቀላል፣ አረፋው በቫኪዩም ይወጣል፣ በ60 ወይም 70 ዲግሪ ለሰዓታት ይጠነክራል። ሲካዳ የተባለችው፣ ዛፍ ላይ የምትጮኸው ነፍሳት ግልጽ ክንፍ በጥቃቅን ምሰሶዎች የተሞላ ስለሆነ ጥሩ ናሙና ነው። ሞታ የወደቀች ካገኛችሁ ክንፏን አስቀምጡ።

ሌላው መንገድ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በኦክሳሊክ አሲድ ውስጥ በ40 ቮልት ሲቆይ ላዩ ላይ በራሱ ጊዜ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደረደራሉ። ርቀታቸው 100 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ቮልቱ ሲጨምር ርቀቱም ይጨምራል። የሚያትሙበትን ጥቅልል በዚህ መንገድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። አሲድና ኤሌክትሪክ አብረው ያሉበት ሥራ ስለሆነ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ግን የኬሚስትሪ ወይም የቁሳቁስ ምሕንድስና መምህራችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። ለመመረቂያ ሥራ የሚሆን ሐሳብ ነው፣ ለማነጻጸሪያም የጽጌረዳውን ቅጂ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

አያያዝ

የታተመውን ገጽ በጣት አትንኩ፣ በጨርቅም አትጥረጉ። ቅባት ሾጣጣዎቹን ከሞላ ገጹ ወደ ልሙጥነት ይመለሳል። ሲቆሽሽ በውኃና በጥቂት ሳሙና አለቅልቁት። ለስልክ ስክሪን ስለዚህ አልመክረውም፤ ቀኑን ሙሉ እየነካነው አይቆይም። ለሰዓት፣ ለመለኪያ መስኮት፣ ለግድግዳ ፎቶ ሽፋን ጥሩ ነው።

የጥፍር ጄል ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል። ግሊሰሪኑም እርጥበት ስለሚስብ ለመለኪያ ብቻ ነው። ለወራት ጣሪያ ላይ የሚውል የምትፈልጉ ከሆነ በጄል ፋንታ ግልጹን ሲሊኮን ተጠቀሙ። ሲሊኮን ሲሊኮን ላይ እንዳይጣበቅ ፎርማውን አስቀድማችሁ በስሱ የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ አድርቁት። ቤታችሁ ያለውን ትልቅ ፓኔል ላይ ግን ምንም አትለጥፉ። መስታወቱ ከፋብሪካው ፀረ ነጸብራቅ ተቀብቶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አንድ ጥሩ ፎርማ ብዙ ቅጂ ይሰጣል። አቧራ በማይገባበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው አስቀምጡት። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ የአበባውን ዓይነትና ከየትኛው ግቢ እንደተቆረጠ በእስክሪብቶ ጻፉበት። የሚቀጥለው ክረምት ሌላ ጽጌረዳ ስትቀዱ ከዚያኛው ጋር ታነጻጽሩታላችሁ።